አርሲ በየትኛው መደርደሪያ ላይ ናት?

የዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት በመጻሕፍቱ ብዛት መመዘን ልማድ ሆኖብናል። በምረቃ በዓል የሚነገረው፣ በዓመታዊ ሪፖርት የሚሰፍረው፣ እንግዳ ሲመጣ በጣት የሚታየው ይኸው ነው፤ ስንት ሺህ መጽሐፍ፣ ስንት መቀመጫ፣ ስንት ኮምፒዩተር። ቁጥር አይናቅም። ይሁንና ጎተራው ስለ ሞላ ብቻ የቤቱ ሰው አይጠግብም። እህሉን ከጎተራ አውጥቶ፣ ለቅሞና አበጥሮ ወደ ወፍጮ የሚያደርስ እጅ ያስፈልጋል። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዚህን እጅ ሥራ የሚሠራው ባለሙያዎቹ የርዕሰ ጉዳይ መመሪያ የሚሉት ጽሑፍ ነው።

መመሪያው ከካታሎግ የተለየ ነገር ነው። ካታሎግ ለጠየቁት መጽሐፍ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ የማያውቁትን መጽሐፍ ግን እንዴት ብለው ይጠይቁታል? መመሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ማንበብ የፈለገ ሰው ከየት ይጀምር? የትኛው መጽሐፍ መግቢያ ይሁነው? የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው ጋር ይከራከራል? ሳይታተም የቀረው ሰነድ በማን እጅ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በአጭሩ የሚመልስ፣ በዐዋቂ ሰው የተጻፈ ወረቀት ነው። ስለዚህም መመሪያ ራሱን የቻለ ሂስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይመርጣል፣ ያስቀድማል፣ ይተዋል፤ ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። ፍርድ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ሊተች ይገባዋል።

በአገራችን ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፉማጋሊ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን መጻሕፍት ሰብስቦ «ቢብሊዮግራፊያ ኤቲዮፒካ» በሚል ርዕስ ሚላኖ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ከዐድዋ ጦርነት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑን ልብ ይሏል። ወራሪ የሚሆን አገር አስቀድሞ የሚወረውን አገር መጻሕፍት ሲቆጥር ማየት የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ባለቤቱ የራሱን ሳይቆጥር ሲቀር ነው።

ባለቤቱ መቁጠር የጀመረው ዘግይቶ ቢሆንም በደንብ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን የሚመሩት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ማከማቸት ብቻ በቂ ነው ብለው አልተቀመጡም። ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ኢትዮጵያ የሚወጡትን አዳዲስ ጽሑፎችና በአገር ውስጥ የሚታተሙትን ሁሉ እየመዘገበ ዝርዝር ያወጣ ነበር። በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ነው፤ ያማረ አይደለም። ነገር ግን አንድ ተመራማሪ በለንደንም ይሁን በጎንደር ሆኖ በዚያ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ምን እንደሆነ ያውቅበት ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 አሉላ ሕዳሩና ደሳለኝ ራህማቶ የኢትዮጵያን ጥናት ለሚጀምር ሰው የሚሆን አጭር መመሪያ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ያንን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሁለት ኢትዮጵያውያን በዚያ በተናወጠ ዘመን ተቀምጠው ለሌላው አንባቢ መንገድ ሲጠርጉ ያያል።

በውጭ አገርም ሥራው በዚያው ሰሞን አዲስ መልክ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት «መንገድ ጠቋሚ» የሚል ስም የተሰጣቸው ወረቀቶች ተዘጋጁ። አንድ ወረቀት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ይናገራል፤ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም፤ አንባቢውን ከመዝገበ ቃላት አንሥቶ እስከ ጥናት መጽሔት ድረስ በደረጃ ይወስደዋል። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ሊብጋይድስ የተባለው የኮምፒዩተር አገልግሎት ተስፋፍቶ በብዙ አገሮች ያሉ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መመሪያቸውን በእርሱ ያወጣሉ። መልኩ ተለወጠ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። የተሻለ ሆኗል ለማለትም ያስቸግራል። ቀድሞ ወረቀቱ ስለማይበቃ ባለሙያው ለመምረጥ ይገደድ ነበር። ዛሬ ቦታው ማለቂያ የለውምና ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል፤ አንባቢውም መመሪያ ብሎ የገባበት ቦታ ራሱ ሌላ መመሪያ የሚሻ ዱር ሆኖ ይጠብቀዋል። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጧቸው አምስት ሕግጋት አንዱ የአንባቢን ጊዜ ስለ መቆጠብ ነበር። ይህን ሕግ የሚጥስ መመሪያ ባይጻፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ደጋው አርሲ እንውጣ። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚያወጣው መንገድ ዴራን አልፎ የስንዴውን አገር ሲይዝ ኢተያን ያገኛል። ኢተያ የሒጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ፤ ቁሉምሳን አልፎ ጥቂት ሲኬድ አሰላ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው እዚያ ነው። እንግዲህ ከኢተያ የወጣ አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ፣ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ትውልድ አገሩ ማንበብ አማረው እንበል። ወዴት ይሂድ?

ለምሳሌ ያህል ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣውንና በዓለም የተስፋፋውን አመዳደብ እንያዝ። የአባቱ ስንዴ በ633 ሥር ነው። ስንዴው የተዘራበት መሬት ጉዳይ፣ ጭሰኝነቱም አዋጁም፣ በ333 ነው። መሬቱና ስንዴው በሜዳው ላይ አንድ ናቸው፤ በመደርደሪያው ላይ ግን ልክ ሦስት መቶ ቁጥር ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዋተርኤይድ ርዳታ ከተራራው ምንጭ በስበት ወርዶ የሒጦሳን መንደሮች ያጠጣው ውኃ 628 ላይ ነው። የእናቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በ493፣ አያቱ የሚነግሩት ተረት በ398፣ ሶላቱ በ297 ይገኛል። ከአሰላና ከበቆጂ ወጥተው ዓለምን ያስደነቁት እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ እነ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ796 ይሮጣሉ። ታሪኩ ደግሞ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በ963። ይህ ልጅ አንድ አገሩን ለማንበብ ሕንፃውን በሙሉ መዞር አለበት።

ጥፋቱ የዴዊ ነው ማለቴ አይደለም። ማንኛውም አመዳደብ አንዱን አንድ ላይ ሲያደርግ ሌላውን ይለያያል፤ መጽሐፉ አንድ አካል ስለሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል። የተለያየውን መልሶ የሚያገናኘው መመሪያው ነው። ስለዚህ አንድ የክፍለ አገር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያወጣው የሚገባ መመሪያ ስለ ቆመበት ምድር የሚናገረው ነው። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ሕክምና የሚመራ ጽሑፍ ከየትም ይገኛል፤ ስለ አርሲ የሚመራውን ግን አሰላ ካልጻፈችው ማን ይጽፍላታል? ሊሸሹት የሚገባው ወጥመድም ይኸው ነው፤ የትምህርት ክፍሎችን ስም ደርድሮ፣ በየሥሩ የመማሪያ መጻሕፍትን ጠቅሶ መመሪያ አወጣሁ ማለት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል።

ሰርዶው እንደሆነ ሞልቷል። በ1960 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የገበያ ጣቢያና መንገድ አንድ ላይ አድርጎ ለገበሬው ያቀረበ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ነው። ከዚህም ሌላ ካዱ ብዙ የሚጽፍ ድርጅት ነበር። ስለ ዘርና ከብት፣ ስለ ገበያ ዋጋ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጭሰኛውና ባለርስቱ ግንኙነት የተደረጉ ጥናቶች ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው ይወጡ ነበር። ከሁሉም የሚከብደው ድርጅቱ በራሱ ሥራ ላይ የታዘበው ነገር ነው። ለድኻው ጭሰኛ የታሰበው ልማት መሬቱን ትርፋማ ሲያደርገው ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፤ ትራክተሩ ሲገባ ጭሰኛው ተነቀለ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ከማድረጉ በፊት በነበሩት ዓመታት ይህ ጉዳይ በጥናቶቹ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

የዚህ ታሪክ መጻሕፍት የት ታተሙ? የቤንግት ኔክቢ ስለ ካዱ የሚናገር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድን። የሚካኤል ስቶል የእርሻ ልማቱን የፖለቲካ ተቃርኖ የሚመረምር ጥናት በ1974፣ እንዲሁ በስዊድን። የጆን ኮኸን ስለ ተቀናጀ የገጠር ልማት የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ በ1987 በኡፕሳላ። የአባስ ሐጂ ስለ አርሲ ኦሮሞ ወረራና ተጋድሎ ከ1880 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) የሚተርከው በ2014 በኔዘርላንድ፣ በብሪል ማተሚያ ቤት። አራቱም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አራቱም ከኢተያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ታተሙ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በአሰላ የተወለደው ዕውቀት በኡፕሳላ ተከብሮ በትውልድ ቦታው እንዳይረሳ መጠበቅ የማን ድርሻ ነው? የካዱ ጥራዞች በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ዝርዝር፣ ተራ ቁጥራቸው ሳይዘለል መገኘት ያለባቸው አሰላ ነው። የጎደለው ቁጥር ከስዊድን ቅጂው ሊጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ መጀመሪያ የጎደለውን ማወቅ ይጠይቃል።

«ያለፈ ነገር ነው፤ ትራክተርና ጭሰኛ ዛሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ እዚያው ኢተያ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ በአርሲ ስንዴ በኮምባይነር ይታጨዳል፤ ገበሬው በኩታ ገጠም እንዲያርስ ይመከራል። መሣሪያው ሲገባ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይገፋል፣ የዕለት ሥራው የሚቀርበት ሰው ወዴት ይሄዳል የሚለው የካዱ ዘመን ጥያቄ ልብሱን ለውጦ ተመልሷል። መልሱ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጥያቄውን ከሃምሳ ዓመት በፊት የጠየቁትን ሳያነቡ እንደ አዲስ መጀመር ድካም ነው።

የዋግም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ መታው። ገበሬው ወደ ሌላ ዝርያ ዞረ፤ ከተስፋፉት አንዱ ዲገሉ ነበር። በ2013 መጨረሻ ግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን በባሌና በአርሲ አጠፋው። የአንዱን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለሌላው ተጋላጭ ሆኖ መገኘቱን፣ ሰፊ አገር በአንድ ዝርያ መሸፈን የሚያመጣውን አደጋ፣ የቁሉምሳ ተመራማሪዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው ጽፈውበታል። ጽሑፉ ግን ከፊሉ በማዕከሉ ሪፖርት፣ ከፊሉ በባሕር ማዶ መጽሔት፣ ከፊሉ በተማሪዎች መመረቂያ ውስጥ ነው። «ዋግ በአርሲ» የሚል የሦስት ገጽ መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢወጣ፣ ተጠቃሚው ፕሮፌሰሩ ብቻ አይደለም፤ የኢተያው የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ያነበዋል። እንዲህ ያለው መመሪያ ከዳቦ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ከዳቦው ሌላ የስሙ ጉዳይ አለ። ቀድሞ የውጭ አገር ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ተቀብለው ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት፣ የኦሮሞን ሕዝብ ይመዘግቡበት የነበረው ርዕስ ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበትና የሚቆጣበት ስም ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ቆይቶ ርዕሱን «ኦሮሞ» ወደሚለው ለውጦታል። ለውጡ ተገቢ ነው። ሥራው ግን እዚያ አያልቅም። የአሮጌው ዘመን መጻሕፍት በርዕሳቸውም በውስጣቸውም ያንኑ ስም እንደያዙ አሉ። ስሙን ከካታሎግ ፍቆ ዝም ማለት መጻሕፍቱን መቅበር ይሆናል፤ ወጣቱ ተመራማሪ እነርሱን ፈልጎ ሊያገኝና ሊሞግት አይችልም። ጥሩ መመሪያ አሮጌው ስም ለምን እንደተተወ ይናገራል፣ በእርሱ ሥር ምን እንደሚገኝም ያመለክታል።

አመዳደብ የሚቸገርበት ሌላም ነገር አርሲ ውስጥ አለ። ወደ ፈረቀሳ፣ ወደ ሲቲ ሞሚና መቃም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቦታ የተጻፈ ጥናት በእስልምና ሥር ይግባ? በክርስትና? ወይስ በባህል? የትም ቢገባ ግማሹ አንባቢ ያጣዋል። የሰው ኑሮ በመለያ ቁጥር አልተከፋፈለምና።

በጣም የሚከብደው ግን አኖሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአርሲ ጉዳይ ሦስት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። በሒጦሳ ወረዳ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአርሲ ላይ ከተካሄደው ዘመቻ ጋር የተያያዘው የአኖሌ መታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ። ከላይ ያነሣሁት የአባስ ሐጂ መጽሐፍ ወጣ። ዩኒቨርሲቲውም ተቋቋመ። ሐውልቱ ብዙ አከራክሯል፤ አንዱ ወገን የተደበቀ ቁስል መታሰቢያ አገኘ ሲል፣ ሌላው ወገን ማስረጃው አጠራጣሪ ነው፣ ቂም ያወርሳል ሲል ተሰምቷል። በዚህ ዓምድ ፍርድ ልሰጥ አልነሣም። የምለው ሐውልት መልስ ይዞ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ገጽ ሊገለጥለት፣ ሊከራከሩት አይችልም። ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ለጥያቄ ነው። የቃል ትውፊቱን የመዘገበው ጥናት፣ የዘመኑ የመንገደኞች ማስታወሻ፣ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል፣ ትውፊቱን የሚደግፈውና የሚጠራጠረው የታሪክ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ መመሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ምን ዓይነት ምስክር እንደሆነ በሁለት መስመር ተገልጾ ቢቀርብ፣ ክርክሩ ባይቆምም ከጩኸት ወደ ንባብ ይወርዳል። ከኢተያ የመጣው ልጅም፣ ከጎንደር የመጣው የዶርም ጓደኛውም አንዱን ወረቀት ይዘው ወደ አንዱ መደርደሪያ ይሄዳሉ። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ የተሠራለትን ሥራ ሠራ ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ይገባኛል። አንደኛው «ሁሉም በኢንተርኔት ይገኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ብዙ ነገር ይገኛል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ክፍት መሆንና መገኘት ግን አንድ አይደሉም። በስቴንስል የተባዛው የካዱ ጥራዝ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው የሼኩ ቅጠል፣ በካሴት የተቀዳው የሽማግሌ ቃል አንድ ሰው ፈልጎ ካላመጣውና ካልመዘገበው በስተቀር በየትኛውም መስኮት አይታይም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ገንዘብ የለም» የሚለው ነው። ለውድ የውጭ አገር አገልግሎት ባይኖርም፣ የመጀመሪያዎቹ መንገድ ጠቋሚዎች ጥቂት ገጽ ወረቀቶች ነበሩ፤ የእነ ሆይናትስኪም ዝርዝር ከጽሕፈት መኪና የዘለለ አልነበረም። የሚጠይቀው ሰው ነው፤ መጻሕፍቱን የሚያነብ፣ ስንዴውንም ታሪኩንም የሚያውቁትን መምህራን በራቸውን አንኳኩቶ የሚጠይቅ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የሚችል ባለሙያ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን ቁልፍ ጠባቂና የተዋሰ ቆጣሪ አድርጎ ማየታችንን ካልተውን ይህ ሰው አይገኝም።

መመሪያው ሲጻፍም የጸሐፊው ስምና የተጻፈበት ዓመት ከሥሩ ይስፈር። ስም ያለው ጽሑፍ ይጠየቃል፤ ዓመት ያለው ጽሑፍ ማርጀቱ ይታወቃል። የተወው መጽሐፍ ካለ ሌላው ተነሥቶ «ይህ ለምን ቀረ?» ይበል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይታከል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎ ለመላው አገር የጀመረውን፣ አሰላ ለአርሲ፣ ጎንደር ለጎንደር፣ አርባ ምንጭ ለጋሞ ቢሠሩት የአገሪቱ ዕውቀት ካርታ ቁርጥራጩ ይገጣጠማል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምረቃ ላይ የተገኘ ጋዜጠኛ «ስንት መጻሕፍት አላችሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ስለዚህ አገር ማንበብ ብፈልግ ከየት ልጀምር?» ብሎ ይጠይቅ። አስተናጋጁ ወዲያው መሳቢያውን ከፍቶ ሦስት ገጽ ወረቀት ከሰጠው ሕንፃው ቤተ መጻሕፍት ነው።